ከሆድ ውጭ

እኔ አንጀት አውቃለሁ።
በፑዌርቶ ሞንት ወደብ፣ ዝናብ በማያባራበት፣
ሦስት ዓመት ቆሜያለሁ በሳልሞኑ መስመር፣
ነጭ ቦቲ አድርጌ፣ ጓንት በጓንት ደርቤ፣
ሆድ ስሰነጥቅ ውዬ፣ ሆድ ስሰነጥቅ አድሬ።
አንድ ዓሣ በአራት ሰከንድ።
ቢላው ይገባል፣ አውራ ጣት ይከተላል፣
ዓሣው ወደ በረዶ፣ አንጀቱ ወደ ቦዩ።
ወደ ቦዩ የሄደውን ማንም ዞሮ አያየውም።

አንቺ ስትወለጂ
አዋላጇ ዝም አለች።
በፕላስቲክ ጠቀለለችሽ፣ ጀርባዋን ሰጠችኝ፣
ግን አይቼ ነበር፤
ከእትብትሽ በስተቀኝ
ሳንቲም በምታክል ቀዳዳ
የወጣውን ሁሉ፣
ቀይ፣ ያበጠ፣ እርስ በርሱ የተጣበቀ፣
እጄ የሚያውቀው ነገር።
እጄ፣ እግዜር ይቅር ይበለው፣
መጀመሪያ ያሰበው ቦዩን ነው።

ሰው ሆዱ ውስጥ ይደብቃል፣
ቂሙን፣ ፍቅሩን፣ ያልከፈለውን ዕዳ፤
«ሆድ ይፍጀው» ይላል፣ ይዘጋዋል።
አንቺ ገና ከመምጣትሽ
ሆድሽን አውጥተሽ አሳየሽ፣
ለማያውቁሽ ሰዎች፣
በጠራ ከረጢት፣ ከአልጋሽ በላይ ተንጠልጥሎ።
«አንጀቴ ተላወሰ» ይላል ሰው ሲያዝን፤
ያንቺ ግን ዓይኔ እያየ ይላወሳል፣
ቀስ፣ ቀስ፣
የሚሄድበት እንደጠፋው።

ሐኪሙ ኦያርሱን ማለዳ ይመጣል፤
ከረጢቱን ከላይ ጨመቅ አድርጎ በክር ያስረዋል፣
«ዛሬ ሁለት ጣት ገባ።»
ነገ አንድ ጣት።
ቤቱ ጠቧል ይለኛል፤
ውጭ ያደጉ ናቸውና በልመና ነው የሚገቡት።
በስድስተኛው ቀን ዘጋው።
እኔም አለቀ ብዬ
ኮሪደሩ ላይ ቆሜ አንድ ሙሉ ዳቦ በላሁ።

አላለቀም።
በአፍንጫሽ የገባው ቱቦ አረንጓዴ ያመጣል፣
የባሕር ሣር አረንጓዴ፤
ነርሷ ኔልዳ በመርፌ ትቀዳዋለች፣ ትጽፈዋለች፣
ሃያ፣ ሃያ አምስት፣ ሠላሳ ሚሊ ሊትር።
«አረንጓዴው ሲጠፋ ወተት ይመጣል።»
ወተቴን በማሽን አልቤ፣
ስምሽን ለጥፌበት፣ አይሊን፣
ፍሪጅ ውስጥ እደረድራለሁ፤
ሦስት መደርደሪያ ሞላ
አንዲት ጠብታ ሳትቀምሺ።

በሠላሳ አራተኛው ቀን እንደገና ከፈቱሽ።
መሃል ላይ መንገዱ ተደፍኗል አሉ፤
ማሕፀኔ ውስጥ ሳለሽ ደም ያጣ ቁራጭ፣
ከወዲህ የተነፋ፣ ከወዲያ የቀጠነ።
ቆረጡ። ቀጠሉ።
«ምን ያህል ቀረላት?» አልኩ።
በሴንቲ ሜትር ነገሩኝ።
እናቴ ኤደልሚራ፣ ቁጥር የማትወድ፣
የልብስ ስፌት ሜትሯን ከቦርሳዋ አወጣች፣
በሦስት ወንበር ላይ ዘርግታ ለካችው፣
ረጅም ሰዓት አየችው፣
«ይበቃል» አለች፣ ሐኪም ሳትሆን።

ከዚያ ፈስ መጠበቅ ጀመርን።
አድገሽ ስትሰሚው አትሳቂ።
ቄሱ እንኳ መጥቶ ስለ ፈስሽ ጸለየ፣
«ስለ ውስጧ ሥራ» እያለ፣ ቃል እየመረጠ።
የአልጋ ቁጥር ዘጠኝ እናት፣ ሮሳንብራ፣
በየጠዋቱ «ዛሬስ?» ትለኝ ነበር።
የሷ ልጅ ሆዱ ተነፋ፣ ጠቆረ፣
በአንድ ሌሊት።
ከዚያ ወዲህ «ዛሬስ?» የሚለኝ የለም።

ማክሰኞ፣ ሊነጋጋ ሲል፣
ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣
ኔልዳ ሽንት ጨርቅሽን ፈትታ ጠራችኝ።
የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል፣
ጥቁር፣ የምታብረቀርቅ።
ስንት ቶን አንጀት በእጄ አልፏል፤
እንደዚያች ጠብታ የከበደኝ የለም።
ኔልዳ እንደ ሰርግ ዘፋኝ እልል ልትል
አፏን ከፈተች፣
ቁጥር ዘጠኝን አየች፣ ዘጋችው።

አሁን አምስት ሚሊ ሊትር ትጠጫለሽ፣ በየሦስት ሰዓቱ።
አንዳንዴ ትመልሺዋለሽ።
አንዳንዴ አረንጓዴው ብቅ ይላል፣
ኦያርሱን «እናያለን» ይላል፣ ሌላ አይልም።

ሰኞ ወደ መስመሩ ተመለስኩ።
ቢላው ይገባል፣ አውራ ጣት ይከተላል፣
አንጀቱን እይዘዋለሁ፣ ቀዝቃዛውን፣
ከአራት ሰከንድ በላይ።
ተቆጣጣሪው ያፏጫል።
ይጠብቅ።